የታሰረው እጅጌ

እንግዳው ሻማ ነጋዴ ነኝ ቢልም፣ የኢስታንቡሉ አበባ አራቢ ፈይዙላህ አላመነውም። ወደ አትክልቱ ሲገባ ሰፊ እጅጌውን በክር ሸብ አድርጎ ነበርና፤ የቱሊፕ ብናኝ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው በልብሱ እንዳይወሰድ እንዲህ የሚጠነቀቅ የሙያው ሰው ብቻ ነው። ነገ ፈይዙላህ ያራባት አዲስ ቱሊፕ በዳኞች ፊት ስም ይወጣላታል፤ ዘሯ ከተሰረቀ የሰባት ዓመት ልፋቱ ገደል መግባቱ ነው።

ሰውየው እንደ ሌላው ከላይ አላያትም፤ ቁጢጥ ብሎ አንገቷን አየ።

«ጌታዬ፣ ሻማም እንዲህ ቁጢጥ ተብሎ ነው የሚታየው?» አለ ፈይዙላህ።

«አይዞህ፣ አልነካትም። እናቷም እንዲሁ ወደ ግራ ዘንበል ትል ነበር።»

ፈይዙላህ እናቲቱን የገዛት፣ ከተማዋን ዳግም እንዳይረግጥ የተባረረ ሹም ንብረት በጨረታ ሲሸጥ ነበር። ስሙን ሊጠይቀው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።