ዝም የማትል ኪታብ

ከእንፍራንዝ ስንነሳ ኪታቧ በቆዳ ማኅደሯ፣ ማኅደሯ በፌስታል፣ ፌስታሉ ደግሞ በአባቴ ጋቢ ሥር ነበር። አያቴ በእጃቸው የጻፏት የመንዙማ ኪታብ ናት፤ በየመውሊዱ ተከፍታ ትዜማለች። በክረምቱ ጣሪያችን አፍስሶ ጠርዟን አረጠበው። ሌላ ክረምት ስለማትችል ባሕር ዳር ወዳለ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ልናስረክባት ወጣን።

ሐሙሲት

ሚኒባሱ ሲቆም ሻይ በፓስቲ አዘዝን። አባቴ እጄን ዘይት ይነካዋል ብለው ፓስቲውን ለእኔ ተዉት። ስንሳፈር ረዳቱ «አባት፣ ዕቃዎን ላይ ልጫንልዎ?» ቢላቸው፣ «አንተኑ ይጫኑህ!» አሉት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ዘንዘልማን ስናልፍ አምና ጤፍ ያየሁበት ማሳ ላይ ብሎኬት ተደርድሯል። ከተማ ገብተን በባጃጅ ግቢው በር ላይ ወረድን።

ቤተ መጻሕፍቱ

የልዩ ስብስብ ክፍሉ ኃላፊ መነጽር ያደረገች፣ ትሑት ሴት ናት። እጇን ታጥባ ኪታቧን ትራስ መሳይ ነገር ላይ አስተኝታ ቀስ እያለች ገለጠቻት። እኔ እፎይ አልኩ። አባቴ የሚያነቡት የዓረብኛውን ፊደል ብቻ ስለሆነ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጠየቁኝ።

«‹ዝምታ ይከበር› ይላል» አልኳቸው።

«እንግዲያ እዚህ አልተዋትም። ይች ኪታብ የምትዜም እንጂ የምትታይ አይደለችም። በየመውሊዱ መጥተን ካላዜምንባት ይዣት እመለሳለሁ።»

«አባቴ፣ ደንብ ሆኖብን ነው» አለች ኃላፊዋ።

«የኛም ደንብ ነው።»

ዝናቡን ባስታውሳቸው አፈጠጡብኝ። ማኅደሯን መልሰው ማሰር ሲጀምሩ ኃላፊዋ ስልክ አንስታ ከአለቃዋ ጋር ብዙ ተከራከረች። ከዚያ በሩን ዘጋችና «ለመውሊድ ቤቱ ዝግ ነው፤ በዋዜማው ኑ፣ ይህን ክፍል እንከፍትላችኋለን። ለዛሬ ግን እኔም ልስማው» አለች።

አባቴ አዜሙ። በዚያ ሁሉ መደርደሪያ መካከል ድምፃቸው ከቤታችን ይልቅ ገዝፎ ተሰማኝ፤ አለቀስኩ።

«ከእርስዎ ሌላ የሚያውቀው ማነው?» አለቻቸው ሲጨርሱ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ወንድሞቼ ርቀው ሄደዋል፤ እኔ የማውቀው ጭብጨባውን ነው።

ቤት

ጀንበር ሳትጠልቅ ደረስን። አባቴ ባዶውን ማኅደር ምስማሩ ላይ መልሰው ሰቀሉት። ከዝናብ የሚያስጥላት ቤት አግኝተንላታል፤ የሚያዜምላት ሰው ግን ከዚሁ ከእኛ ቤት ነው መውጣት ያለበት።

«አባባ፣ ከመጀመሪያው ያስጠኑኝ» አልኳቸው።

«መንገዱ አድክሞሻል፤ ነገ እንጀምራለን።»

«ዛሬ።»

ጉሮሯቸውን ጠርገው የመጀመሪያውን ስንኝ አሉልኝ። ተሳሳትኩ። ደገሙልኝ።