ዓይንዎ ነው ያልኳቸው ዕለት

ባለፈው ሳምንት ለመሥሪያ ቤታችን አዳዲስ ላፕቶፖች መጡ። ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ሰላም ከተቀጠረች ገና መንፈቋ ነው፤ የደረሳትን ከሳጥኑ አውጥታ አበራችውና አፍንጫዋን ከስክሪኑ ልታጣብቅ ጥቂት ሲቀራት አየኋት። ፊደሉ እንደ ጤፍ ፍሬ ደቋል። ስትታገል ቆይታ ዓይኗን እያሸች፣ «እኔስ ዓይኔ ነው መሰለኝ፤ ጎንደር ሄጄ ሐኪም ማየት አለብኝ» አለች።

ተነስቼ ሁለት ቦታ ነካካሁና ፊደሉን አሳደግኩላት። ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ወረቀት የምፈልግ መስዬ ወጣሁና ግቢው በር ላይ ቆምኩ። የደባርቅ ነፋስ እንደ ልማዱ ፊቴን እየገረፈው፣ ለማንም ሳልናገር የኖርኩት አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። ጎንደር ሦስት ወር ኮምፒውተር ተምሬ የምስክር ወረቀት ይዤ ተመልሻለሁ። ተምሬ ስል ለሦስት ሰው አንድ ማሽን ነበር የሚደርሰን፤ በእጄ ከነካሁት በደብተር የገለበጥኩት ይበልጣል። እንዲያም ሆኖ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ዕቃ ሊያመጣ ጎንደር ስለሚከርም ቤቱ በእኔ እጅ ነበር።

በእጄ ይሁን እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም። ወደ ሽሬ የሚወርደው አውቶቡስ ጡሩምባ ሲያሰማ እነሳለሁ፤ ከሽሬ የመጣው ጎንደር ጎንደር ሲል ደግሞ እነሳለሁ። ደጃፋችን ላይ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ የምትሸጥ ሴት ነበረች። እሷ ዘንድ እንኳ ተቀምጬ በልቼ አላውቅም፤ ትኩሱን ድንች ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው እያገላበጥኩ፣ ዓይኔን መንገዱ ላይ ተክዬ፣ ቆሜ ነበር የምውጠው። ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ዛሬ ሳስበው በደንብ አይገባኝም። ደባርቅ ምንም አላደረገችኝም። ብቻ ሕይወት ሌላ ቦታ ተጀምሮ እኔ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር። ጎንደር አንድ መሥሪያ ቤት ለጸሐፊነት አመልክቼ ለፈተና እስክጠራ እጠብቃለሁ።

መሪጌታ ልሳነወርቅ የመጡት በዚያው ዓመት ከፋሲካ በፊት ነው። ከተራራው ማዶ በየዳ በምትባለው ወረዳ ቅኔ ያስተምራሉ፤ ሰው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። ሟች መምህራቸው በእጃቸው የጻፉትን የቅኔ ጥራዝ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ነበር። ሌላ ቅጂ የለውም። ጣሪያ አፍስሶ ዳርና ዳሩ ረጥቧል፤ ቀለሙ በየቦታው ነጥቷል። ሳይጠፋ በኮምፒውተር ይጻፍልኝ አሉኝ። ጥራዙን ሲያስረክቡኝ እጃቸው ወዲያው አልለቀቀውም። ስንኙ ከስንኝ እንዳይቀላቀል፣ በመምህሬ እጅ እንደተሰለፈው ይሰለፍ ብለው አደራ አሉኝና ሄዱ።

ሁለት ወር ሙሉ በትርፍ ጊዜዬ ጻፍኩት። ግዕዙ ስለማይገባኝ የማየውን ፊደል እንደማየው ነበር የምመታው። ጨርሼ መልእክት ላክሁባቸው። ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው እንረም ብለው በበቅሎ መጡ። ዲያቆን ሞላ የሚባል፣ ሠላሳውን የደፈነ ደቀ መዝሙራቸው አብሯቸው ነበር።

ችግሩ፣ እሳቸው ሊመጡ ሳምንት ሲቀረው ባለቤቱ አዲስ ሰፊ ስክሪን አምጥቶ ተክሎ ሄዷል። ስክሪኑ ሰፋ፤ በላዩ ያለው ሁሉ ግን አነሰ። እኔ ዓይኔን አጥብቤ ለምጄዋለሁ። የኔታ ሐሙስ ከሰዓት ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ደግመው አደረጉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ዘርግተው፣ እዚህ ላይ «ፀሐይ» ማለት ሲገባው «ዐሐይ» ይላል፤ እዚህም «ዕፅ» የሚለው «ዕዕ» ሆኗል አሉ። የሁለቱ ፊደላት ልዩነት በክቡ መሐል የምታልፍ አንዲት ሰረዝ ናት፤ ፊደሉ ሲደቅ እሷ ትጠፋለች።

ፊደል ማሳደግ ተምሬ ነበርና አሳደግኩት። ወዲያው ስንኙ ሁሉ ተሰባብሮ የአንዱ ቤት ጭራ ወደ ሌላው ራስ ገባ፤ ገጹ ተመሰቃቀለ። የኔታ ደነገጡ። እኔም ፊቴ በላብ ተጠመቀ። ወደ ነበረበት ለመመለስ እስከ ማግስቱ አርብ ረፋድ ፈጀብኝ፤ ከዚያ በኋላ የመንካት ድፍረቱም አልነበረኝም።

በዚያው አርብ የጥሪው ደብዳቤ ደረሰኝ። ፈተናው ሰኞ ጎንደር። በመጀመሪያው መኪና ዳባት እናቴ ቤት ወርጄ፣ ልብሴን አጥቤ፣ ሰኞ ማለዳ ለመሄድ አስቤ እግሬ መሬት አልነካ አለ። የኔታ ግን ከወንበሩ ላይ ናቸው። አንዱን ስንኝ አሥር ጊዜ ያዩታል። አሁንም «ዐሐይ» ነው የሚለው አሉ። ዲያቆን ሞላን ጠራሁትና ተጠግቶ እንዲያነበው አደረግኩ። አፍንጫውን አስጠግቶ አየና፣ ሰረዟ አለች፣ «ፀሐይ» ይላል አለ። ያኔ ነው ከአፌ የወጣው።

«የኔታ፣ ፊደሉ ሁሉም ትክክል ነው» አልኳቸው። «ዓይንዎ ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን፣ እንግዲያው እንዳለ ይታተም፣ ከአሁን በኋላ የእኔ ማረም አይረባም አሉ። በበሩ ሲወጡ ደረጃውን በእግራቸው እየዳሰሱ ነበር። ሲመጡ እንደዚያ አልነበሩም።

ከሰዓት በኋላ ሞላ ጥራዙን ሊወስድ ተመለሰ። ፊቱ ጠቁሯል። የኔታ የቅኔ ጉባኤያቸውን ሊበትኑት ነው አለኝ። ፊደል ከፊደል መለየት ያቃተው ሰው የሰው ልጅ ይዞ መጥፋት የለበትም ብለዋል፤ ተማሪዎቹን ወደ ሌላ መምህር ሊሰዷቸው፣ ወንበራቸውን ሊያጥፉ ቆርጠዋል። የእሁዱን ቅዳሴ እዚሁ አድርሰው ሰኞ ንጋት ላይ ይነሳሉ። ሞላ ይህን ሲነግረኝ እኔ የሻንጣዬን ዚፕ እየታገልኩ ነበር። እግዚአብሔር ይርዳቸው አልኩ፤ ከዚያም ዳባት ዳባት ወደሚለው ሚኒባስ ሮጥኩ።

ዳባት ቅዳሜን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። እናቴ ለመንገዴ የገብስ ዳቦ ልትጋግር ገብስ ታበጥራለች፤ እኔ ከቤት ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ ቤት እላለሁ። የፈተናው ጭንቀት ነው ብላ አዘነችልኝ። ፈተናው አልነበረም። መነጽራቸውን ጉልበታቸው ላይ ሲያስቀምጡ ይታየኝ ነበር።

እሁድ ከሰዓት መምህር ፍሬው ቤት ሄድኩ። በከተማው ኮምፒውተር ቤቱ ያለው የማውቀው ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ለፈተናው ጥቂት ልለማመድ ብዬ ነው። ስንለማመድ ቆይተን፣ እግረ መንገዴን የጠየቅኩ መስዬ፣ ስንኙ ሳይሰበር ፊደሉን ማጉላት ይቻላል ወይ አልኩት።

«ፊደሉን ለምን ታሳድጊዋለሽ?» አለኝ። «ወረቀቱን አትንኪው፤ አንቺ ተጠጊው እንጂ።»

ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ በግራ እጁ ይዞ የማውሷን ጎማ በጣቱ ወደ ፊት ገፋት። ጽሑፉ መስመሩን እንደያዘ ወደ እኔ መጣ፤ አሁንም ገፋት፣ ፊደሉ የበቆሎ ፍሬ አከለ። ይኸው ነው። ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ የሚበቃ ጊዜ አልፈጀም። ፍሬው ሌላ ነገር ማስረዳቱን ቀጠለ፤ እኔ ግን መስማት አቁሜያለሁ።

ሰኞ ማለዳ እናቴ ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልላ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። የጎንደሩ መኪና ውስጥ አስገብታኝ፣ በመስኮት መርቃኝ ተመለሰች። መኪናው እስኪሞላ ቆሟል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሚኒባስ ቆሟል፤ ረዳቱ አንድ ሰው አንድ ሰው ይላል። ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት መንገድ እግሬ ሥር ነበር። አንድ ጊዜ ወረድኩ፤ ተመልሼ ወጣሁ። ሰዎቹ ያዩኛል። ለሁለተኛ ጊዜ ስወርድ ግን አላሰብኩም፤ አስፋልቱን ተሻግሬ ገባሁ።

ደባርቅ ስደርስ የኔታ በንጋት ሄደዋል። ወደ በየዳ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ አግኝቼ ሾፌሩን ለመንኩት፤ ጋቢናው ውስጥ አስገባኝ። መንገዱ ይነቀንቃል፣ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሳ መንገዱን ይሸፍነዋል። በበቅሎ የሚሄድ ቄስ ባየሁ ቁጥር አቁምልኝ እላለሁ። ሾፌሩ መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ ምን እንደሆንኩ ሳይጠይቀኝ ራሱ መፈለግ ጀመረ። ሳንቃበር የሚባለው ቦታ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አገኘናቸው። በቅሎዋ መስክ ላይ ትግጣለች፤ ራቅ ብለው ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ይነጫሉ። የኔታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ሞላ ከእጁ ቆሎ እየዘገነ ያቀብላቸዋል።

ተንደርድሬ ደርሼ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር መንገዱን ሁሉ ሳጠና መጥቼ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። ጥፋቱ የስክሪኑ ነው፣ የሚስተካከልበትንም ተምሬ መጣሁ፣ ዓይንዎ ምንም አልሆነም አልኩ። አንድ ላይ፣ ሳልተነፍስ።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ስትነግሪኝ ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

አላውቅም ብል ያልፍልኝ ነበር። ግማሹም እውነት ነው።

«ማስተካከያውን አላውቅም ነበር የኔታ። ዓይንዎ እንዳልሆነ ግን አውቅ ነበር። ቸኩዬ ነው።»

ፊታቸውን ወደ ገደሉ መለሱ። ጉሙ እየመጣ እየሄደ ታች ያለውን መንደር አንዴ ያሳያል፣ አንዴ ይሰውራል። ሞላ እኔን ላለማየት የበቅሎዋን ልጓም ያጠባብቅ ጀመር፤ ቆይቶም ዝናቡ እየመጣ ነው፣ ወደ ፊት ብንል ይሻላል አላቸው። የኔታ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።

«በቅሎዋን መልሳት» አሉት።

ማክሰኞ ጠዋት ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ኮንትሮሉን ይዤ ጎማዋን ገፋሁ። ፊደሉ አድጎ ሲመጣላቸው ወደ ኋላ ሸሸት ብለው፣ እንደገና ተጠጉና የመጀመሪያውን ቅኔ በዜማ አወረዱት። ከውጭ መንገደኛ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። በሦስተኛው ገጽ ላይ ድምፃቸው ተቋረጠ። ጣታቸውን ዘረጉ። ተጠግቼ አየሁ። ፊደሉ ግልጥ ብሎ «ዐሐይ» ይላል።

ስሕተቱ የስክሪኑ ብቻ አልነበረም። የጥራዙ ቀለም በነጣበት ቦታ ሰረዟ ጠፍታ እኔ ያየሁትን መትቼ ኖሯል። ሁሉም ትክክል ነው ብዬ የማልኩበት ጽሑፍ ውስጥ ከደርዘን በላይ እንዲህ ያለ ነበረበት። እሳቸው በዚያ በደቀቀ ፊደል መሐል እንኳ ነገሩ እንዳልተስተካከለ አውቀዋል። የሚገባኝን ተግሣጽ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን፣ እዚህ ላይ ሰረዝ አግቢበት ብለው ወደሚቀጥለው ስንኝ አለፉ።

ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን የመጨረሻው ገጽ ላይ ባዶ ቦታ ቀረ። የክርስትና ስሜን ጠየቁኝ። ወለተ ሥላሴ አልኳቸው። በግዕዝ እየነገሩኝ ጻፍኩ፤ ትርጉሙን የነገረኝ በኋላ ሞላ ነው። ይህን መጽሐፍ የጻፈችውን ወለተ ሥላሴን አስባት፤ የሳተችውንም ሁሉ ይቅር በላት ይላል። ጸሐፍት በመጽሐፍ ፍጻሜ እንዲህ የማጻፍ ልማድ አላቸው አለኝ። እኔ የት እንደሳትኩ የምናውቀው ግን ሦስታችን ብቻ ነበርን።

ፈተናው አለፈኝ። ጎንደር የገባሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚያም ባሕር ዳር ሠርቼ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ አሁን ተመልሼ ደባርቅ ነኝ። የኔታ ጉባኤውን ሳይበትኑ ስድስት ዓመት አስተማሩ። ከዚያ ዓይናቸው የእውነት ደከመ፤ ያን ጊዜም ተማሪ እያነበበላቸው በጆሯቸው ያርሙ ነበር ይባላል። ሲያርፉ አልሰማሁም፤ ቀብራቸው ላይ አልነበርኩም።

አንድ ጊዜ ለሥራ በየዳ ሄጄ ቤተ ክርስቲያናቸውን ተሳለምኩ። አንድ ወጣት ቄስ ያን የጻፍኩትን መጽሐፍ አውጥቶ አሳየኝ። የገጹ ጥግ በጣት ብዛት ጠቁሯል። የመጨረሻውን ገጽ በኩራት አነበበልኝና፣ ይህቺ ወለተ ሥላሴ ማን እንደሆነች አናውቅም አለ፤ ቅኔውን ተምሮ የፈጸመ ሁሉ ግን በስሟ ይጸልይላታል። እኔ ነኝ ማለት ፈልጌ ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ችኮላዬ ዛሬም አልለቀቀኝም። ሰው አልገባኝም ሲለኝ፣ አልሰማሁም፣ አልታየኝም ሲለኝ፣ ጥፋቱን እሱ ላይ ጥዬ ለመሄድ እግሬ ይነሳል። አንዳንዴ እይዘዋለሁ፤ አንዳንዴ ያመልጠኛል። ባመለጠኝ ቀን እዚያ ተራራ ላይ ያሉት ተማሪዎች ትዝ ይሉኛል። ምን እንዳጠፋች ሳያውቁ ለአንዲት ሴት ይቅርታ ይለምኑላታል፤ እኔ ደግሞ ምን እንደሆነ እያወቅኩ ዝም ብያቸው መጣሁ።