የአልማዜ ቦታ

ባለፈው እሁድ ልጄ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና አንድ ፎቶ አሳየችኝ። በሩቅ አገር፣ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ በሁለት ሴቶች መሃል ቆማ ትስቃለች። «ሁለቱም እናቶቿ ናቸው» አለችኝ፣ ፊቴን እያየች። የእኔ ልብ ግን ወደ ድሮው መካኒሳ ሄዶ ነበር።

ያኔ መካኒሳ አቦ ክረምት ሲገባ ጭቃና ባሕር ዛፍ ይሸት ነበር። እናቴ ጽጌና አልማዜ በአንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ እየሰፉ አሳደጉኝ። አባቴ ከመወለዴ በፊት ስለሞተ አላውቀውም። ክርስትና ያነሳችኝ አልማዜ ናት፤ ሰፈሩም «የጽጌ ጓደኛ» ነበር የሚላት። እሁድ እሁድ በአንድ ጃንጥላ ሥር ተጠጋግተን እስከ ብስራተ ገብርኤል በእግር እንሄዳለን፤ መንገድ ላይ የበቆሎ ጥብስ ገዝተን ለሦስት እንካፈላለን። እናቴ ጥርሷን ያማት ስለነበር ድርሻዋን አልማዜ ትፈለፍልላታለች። ዛሬ ሳስበው ያ መንገድ ማለቂያ የነበረው አይመስለኝም።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ፣ በነሐሴ፣ እናቴ ሞተች። ዝናቡ የድንኳኑን ሸራ እየደበደበ፣ እኔና ከገጠር የመጣው አጎቴ ፍራሹ ላይ ተቀመጥን። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጅ ያለ ዘመድ አይቀርም ብሎ፣ ከሠልስት በኋላ ይዞኝ እንደሚሄድ ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ነግሯቸዋል። ከእናቴ ሞት ቀጥሎ የፈራሁት ይህንኑ ነው። አልማዜ ደግሞ ሽርጥ አገልድማ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ከእድር ሴቶች ጋር ጉድ ጉድ እያለች ለለቀስተኛው ንፍሮ ታድላለች። ተቀመጪ ያላት የለም፤ እሷም መቀመጥ የሚገባት አልመሰላትም።

የእድሩ ሴቶች ኃላፊ እትዬ በላይነሽ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ምላሳቸውን ይፈራ ነበር። አልማዜ ከፊታቸው ስትደርስ ሰሃኑን ከእጇ ወሰዱባት።

«ሐዘንተኛ አያስተናግድም» አሏት ቀስ ብለው።

ክንዷን ይዘው አመጧት፤ ሽርጧን ፈተው፣ ነጠላዋን አዘቅዝቀው፣ እኔና አጎቴ መሃል አስቀመጧት። አልማዜ ገና ያኔ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አጎቴ ግራ ገብቶት ቀና ብሎ አያቸው።

«ልጅቷን እናቷ ታሳድጋታለች። አንተ ለጥምቀት እየመጣህ ጠይቃት» አሉት።

እሱ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ከሠልስት በኋላ ብቻውን ተሳፈረ።

እትዬ በላይነሽ ምን ያህል እንዳወቁ እስከ ዛሬ አላውቅም። የእኛ ሰው አይቶ እንዳላየ ማለፍ ያውቅበታል። ያ ብልሃት እኔን አሳድጎኛል፤ አልማዜን ግን ዕድሜዋን ሙሉ አንገቷን አስደፍቷታል፣ ይህን ሳስብ እስካሁን እናደዳለሁ።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። ፎቶውን እንደገና አየችና፣

«ታዲያ እማማ አልማዜ ለአያቴ ምኗ ነበሩ?» አለችኝ።

«ባለቤቷ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ምነው አልማዜ በሰማችኝ።