ጊታሩ የሸፈነው ስም

ባለፈው ቅዳሜ ዌስት ሴንት ፖል፣ ሮበርት ስትሪት ላይ ካለ የአሮጌ ዕቃ መደብር ገብቼ የበረዶ ጫማ ስፈልግ፣ ጆሯቸው ከተሸረፈ ኩባያዎች አጠገብ፣ በካርቶን ከታጨቁ ሲዲዎች መሃል፣ የአንድ ፊልም ሙዚቃ ሽፋን ላይ፣ ቀይዋ ፒካፕ ብቅ አለችብኝ። በበረዶ ሜዳ ላይ ብቻዋን የቆመች፣ አንድ መብራቷ የጠፋ ፒካፕ ናት፤ ፊልሙን ካየሁ ሃያ ዓመት ገደማ ቢሆነኝም የትም ባያት አውቃታለሁ። የሲዲውን ማኅደር ስከፍተው የሰው ምድር ቤት ሽታ፣ የእርጥብ ካርቶን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ከውስጡም የአራት ገጽ ቀጭን መጽሐፍ ወጣች። እዚያው ቆሜ፣ ጋሪ የሚገፉ ሴትዮ "ኤክስኪውዝ ሚ" እያሉ እስኪገላምጡኝ ድረስ፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነበብኳት። አነበብኳት ስል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ማንበብ የቻልኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።

የዘፋኞቹ ስም አለ። ጊታር የመታው፣ ከበሮ የመታው፣ አርሞኒካ የነፋው ሁሉ ስማቸው አለ። ፊልሙ ሲቀረጽ ምሳ ያቀረበችው ሴት ስም አለ። መጨረሻ ላይ ምስጋና የሚል ክፍል አለ፤ እዚያ ውስጥ በትዕግሥት ስለጠበቀ የተመሰገነ፣ ቢስኪት የሚባል ውሻ አለ። ዘጠነኛው ሙዚቃ ላይ ስደርስ ግን ያቀናባሪው ስም ተጽፎ፣ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል "ድምፅና ክራር፦ የአፍሪካ ባህላዊ ዜማ" ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ውሻው ስም አለው፤ ጋሽ ደቻሳ ግን አህጉር ሆኗል።

ጋሽ ደቻሳን ያወቅሁት ሚኒያፖሊስ መሃል ከተማ፣ ከመሬት በታች ሦስት ፎቅ በሚወርድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ያኔ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ምናምን፣ ማሽን ሳይተካን በፊት፣ በየፓርኪንጉ መውጫ በምትገኘው፣ ቡዝ በምንላት የመስታወት ሳጥን ውስጥ አንድ አንድ የአገራችን ሰው አይጠፋም ነበር፤ መምህር የነበረው፣ ሻምበል የነበረው፣ ምንም ያልነበረው፣ ሁሉም እኩል ተቀምጦ ትኬት እየተቀበለ "ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ" ይላል። እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት በሞያሌ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት፣ ቀጥሎ ናይሮቢ ስደተኛ ነበርኩ፤ ፊደል የሚባል ነገር ጎማ ላይ ከተጻፈው በቀር ቀርቤም አላውቅ። ይህን ግን ለማንም አልተነፈስኩም። ጠዋት ጠዋት ደንበኛ የጣለውን ጋዜጣ አንስቼ በብብቴ ሸጉጬ እገባለሁ፤ ቡዙ ውስጥ ዘርግቼው በየአምስት ደቂቃው ገጹን እገልጣለሁ፤ አንዳንዴም የዓለም ነገር ያሳዘነኝ እንዲመስል ራሴን እነቀንቃለሁ። ትኬቱን በቀለሙ፣ የሺፍት ሠንጠረዡን በስሜ ቅርጽ ነበር የማውቀው። አለማወቄን ለመደበቅ ያፈሰስኩትን ጉልበት ለመማር ባፈስሰው ኖሮ ዶክተር በሆንኩ።

ጋሽ ደቻሳ በአርባዎቹ አጋማሽ ያለ፣ ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር የአምቦ ሰው ነው፤ አማርኛ ማንበብና መጻፍ በመሠረተ ትምህርት ተምሯል፣ የእንግሊዝኛን ፊደል ግን የመኪና ሰሌዳ ለመለየት ያህል ብቻ ነው የሚያውቀው። ክራሩን ብርድ እንዳይጎዳው ከማሞቂያው ጎን ይሰቅለዋል። የምሳ ብሬክ ሲደርስ ሳንዱዊቹን በአራት ጉርሻ ጨርሶ ወደ ሦስተኛው ምድር ቤት ይወርዳል። እዚያ ታች ኮንክሪቱ ድምፅህን ተቀብሎ፣ አገላብጦ፣ ሌላ ሰው የሚመልስልህ አስመስሎ ነው የሚልክልህ። የቦታው ሽታ፣ ጭሱ፣ ከመኪኖቹ ሆድ ሥር ቀልጦ የሚንጠባጠበው ጨዋማ በረዶ፣ የቆየው ዘይት፣ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የሚጫወተው አንድ ዘፈን ብቻ ነበር፤ ራሱ ያወጣው፣ አብረው ወደ ኬንያ ሲሄዱ መንገድ ላይ ለቀረው ለታናሽ ወንድሙ ለለሜሳ። "ዝግ ብዬ እየሄድኩ ነው ለሜሳ፣ ድረስብኝ" እንደ ማለት ነው፣ ተርጉሞልኛል። አንድ ቀን ሰልችቶኝ "ሌላ ዘፈን የለህም እንዴ፣ ጋሽ?" ብለው፣ "ሌላ ወንድም አልነበረኝማ" አለኝ።

ፂማሙ ያልነው ፈረንጅ ከማዶ ባለው ስቱዲዮ የፊልም ሙዚቃ ይሠራል። በየቀኑ እኛ ጋ መኪናውን ያቆማል፣ በየቀኑም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ጉድ ሞርኒንግ፣ ደቻሳ" ይላል፤ የእኛ ሱፐርቫይዘር በሁለት ዓመት ያላወቀውን ስም አጥርቶ ነበር የሚጠራው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ መኪናው ጋ ሲወርድ ዘፈኑን ሰማና ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። በሳምንቱ ማይክራፎንና የወፈረ ገመድ ይዞ መጣ። ጋሽ ደቻሳ ዩኒፎርሙን አቧራ እንደነካው ሁሉ አራግፎ፣ ሁለት መኪኖች መሃል ባልዲ ላይ ተቀምጦ ተጫወተ። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ አየሁና ከደረጃው አፍ ሆኜ ባለ በሌለ ድምፄ "ጋሽ ደቻሳ" ብዬ ተጣራሁ፤ ድምፄም ከነማሚቶው አብሮ ተቀረጸ። ፂማሙ አልተቆጣም፤ ጭራሽ አውራ ጣቱን አነሣልኝ።

በማግስቱ ጋሽ ደቻሳ ወረቀት ይዞ ቡዜ ውስጥ ገባ።

"እስቲ ይህን ተመልከትልኝ፤ አንተ የጋዜጣ ሰው ነህ።"

ተቀበልኩት። ቀጥ አድርጌ መያዜን ያወቅሁት አናቱ ላይ ባለው የጊታር ሥዕል ነው። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ እየነዳሁ ቆየሁ።

"ምን ይላል?"

"ዘፈንህን ፊልም ውስጥ እናስገባዋለን ይላል።"

"ስሜስ?"

"ስምህንም እንጽፋለን ይላል።"

"የለሜሳንስ?"

"እሱን እንኳ አላየሁም" አልኩ። ውሸቴን በልክ አድርጌ መሞቴ ነው።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ባዶ መስመር ነበር። የትኛው ላይ ልፈርም ሲለኝ ታችኛውን አሳየሁት፤ ፊርማ ሁልጊዜ ታች ነው የሚገባው ብዬ። በአማርኛ ፊደል አሳምሮ ፈረመ። ግልባጩን "አንተ ጋ ይቀመጥ፣ እኔ ቤት ሕፃን ይቀደዋል" ብሎ ለእኔው ሰጠኝ፣ እኔም ከስደት ወረቀቶቼ ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት።

ፊልሙ ሲወጣ አንድ እሑድ ከሰዓት ጋሽ ደቻሳን ይዤ ኤደን ፕሬሪ ሲኒማ ቤት ድረስ ድራይቭ አደረግሁ። ለሠርጉ ያሰፋውን ሱፍ ለብሶ ነበር። ታሪኩ አባቱ የሞተበት የገበሬ ልጅ አሮጌ ፒካፕ እየነዳ ሲንከራተት ነው፤ ሲከፋው ጊታር ያለበት ዘፈን ይዘፈናል፣ ፎክ ሮክ ይሉታል፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ የፂማሙ ማጀቢያ ቀስ ብሎ ይገባል፣ መልሶ ዘፈን፣ መልሶ ማጀቢያ። እውነቱን ልናገርና ዘፈኖቹን ወደድኳቸው፤ ዛሬም መኪና ውስጥ ሳላስበው አንዱን አንጎራጉራለሁ፣ ከሁሉ በላይ የሚያበግነኝም ይኸው ነው። ከዚያ ልጁ የአባቱን መቃብር ትቶ በበረዶው መሃል ሲነዳ የጋሽ ደቻሳ ክራር ከሦስተኛው ምድር ቤት መጣ። በሌላው ጎኔ የተቀመጠው የማላውቀው ሰውዬ መተንፈስ አቆመ። ስለ ለሜሳ በተዘፈነው ዘፈን የሚኒሶታ ገበሬ ልጅ ያለቅሳል፤ አዳራሹም አብሮ ያለቅሳል። መጨረሻው ላይ የእኔ ድምፅ "ጋሽ" ሲል ጊታሩ ገባበትና ስሙን ዋጠው። ጋሽ ደቻሳ በክርኑ ወጋ አደረገኝ። "አንተም ገባህ፣ ጉረኛ" አለኝ በሹክሹክታ።

ፊልሙ አልቆ ስሞች ከታች ወደ ላይ መጉረፍ ሲጀምሩ ሕዝቡ ፋንዲሻውን እየረገጠ ወጣ። እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ።

"አየኸው?"

"ገና ነው።"

"አሁንስ?"

ያ የፊደል ጎርፍ ለእኔ ጉንዳን ነበር። ቆሞ መጠበቁ ሲያስጨንቀኝ ጣቴን ቀሰርኩና "ያውልህ፣ እዚያ ጋ፣ አለፈ" አልኩት።

"በትክክል ጽፈውታል?"

"ኧረ በትክክል።"

መብራቱ ሲበራ ጉንጩ ርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያንም፣ ሱቅም፣ የማያውቀውን ሰው እንኳ አግኝቶ ሳይነግር አላለፈም፦ "ስሜ ሲኒማ ላይ ወጥቷል፤ ይሄ ልጅ በዓይኑ አይቶታል።" በአምስተኛው ዓመት ኩላሊቱ አሸነፈው። ይህንኑ እያመነ ሞተ።

እኔ የእንግሊዝኛውን ፊደል በአዋቂዎች ክፍል፣ ሀ ሁን ደግሞ ከሕፃናት ጋር ኋላ ወንበር ተቀምጬ ተማርኩ፤ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ስሳሳት ግንባሯን በመዳፏ የምትመታ። ማንበብ ከቻልኩ በኋላ የትራፊክ ቅጣት አነበብኩ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ አነበብኩ፣ ያቺን ቆርቆሮ ግን አልከፈትኩም። የከፈትኳት ቅዳሜ ዕለት፣ ሲዲውን ይዤ ከመደብሩ ስመለስ ነው። የአራተኛ ክፍል ልጅ ሊያነበው የሚችል ወረቀት ሆኖ አገኘሁት። ላይኛው ባዶ መስመር አጠገብ "የዜማው ደራሲ ስም" ይላል። ከሥሩም፦ "ካልተሞላ ዜማው ባህላዊ ተብሎ ይመዘገባል።"

ጥፋቱ የእኔ ነው። አልሸሽም። ግን የእኔ ብቻ ነው ብሎ የሚጽናና ካለ እኔን አያናግረኝ። ያ ሰውዬ አንድ ዊንተር ሙሉ "ጉድ ሞርኒንግ፣ ደቻሳ" ብሏል። ስሙ አፉ ውስጥ ነበር። ከመስመሩ ባዶነት ይልቅ ምላሱን ቢያምን ምን ይጎዳው ነበር? ባህላዊ ማለት ምንድን ነው? የማንም ያልሆነ፣ ከሜዳ የተለቀመ ማለት ነው? ለሜሳ ባህል አይደለም፤ እግሩ ያበጠ፣ ውኃ የጠየቀ የሰው ወንድም ነው። ለፒካፕ የተዘፈነው ዘፈን የባለቤቱ ስም በደማቁ ተጽፎ፣ ለወንድም የተዘፈነው ባለቤት አጣ።

እሑድ ሐዊ ቤት ሄጄ ወደ መኪናዬ ጠራኋት። ጋሽ ደቻሳ ሲሞት ገና ትንሽ የነበረችው ልጁ ናት፤ አሁን ብሩክሊን ሴንተር ትኖራለች፣ ነርስ ሆናለች፣ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። መኪናዬ አሮጌ ስለሆነ ሲዲ ያጫውታል፤ እዚያው ቤቷ በር ላይ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ የሲዲውን መጽሐፍም ወረቀቱንም ጭኗ ላይ አስቀምጬ ነገርኳት። ማንበብ አለመቻሌን፣ ጣቴን፣ "ያውልህ" ማለቴን፣ ሁሉንም።

መጽሐፉን ገልጣ ጣቷን ዘጠነኛው ላይ አሳረፈች። ከዚያ "አይ ኖው፣ አንክል" አለች። ስሙ እንደሌለ ታውቃለች። ስድስተኛ ክፍል ሆና አባቴ ሲኒማ ላይ አለ ብላ ለክፍሉ ተናግራ፣ ልጆቹ ፊልሙን ከፍተው መስመር በመስመር ፈልገው አጥተው፣ ውሸታም ብለዋት ነበር። ያን ዕለት እሷም አባቷ የፈጠረው መስሏት፣ ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ መሳቢያ ውስጥ ከትታዋለች። ይህን በእንግሊዝኛ ነገረችኝና አንዲት ነገር ብቻ በአማርኛ ጠየቀችኝ።

"አባዬ አልዋሸም?"

"እኔ ነኝ የዋሸሁት።"

ዘጠነኛውን ከፈተችው። ክራሩ መጣ፣ ኮንክሪቱ መለሰለት። ያ ቡዝ ፈርሷል፤ በቦታው ትኬት የሚውጥ ማሽን ቆሟል፣ ማንም ስሙን የማይጠይቀው። ባልዲው የለም፣ ማሞቂያው የለም፣ ለሜሳን በስሙ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ አልቀረም። ዘፈኑ ወደ መጨረሻው ሲደርስ የሃያ አንድ ዓመቱ ድምፄ ከደረጃው አፍ "ጋሽ" አለ፤ ጊታሩ ገባ፤ እኔም ከጊታሩ በላይ "ደቻሳ" አልኩ።

ሐዊ እጇን ሰድዳ ወደ መጀመሪያው መለሰችው።