ከሁለቱ አንዱ ጊኒር ነበር

ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ ከጎባ ሆኜ ለአንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ወሬ እልክ ነበር። የምልከው አብዛኛው የሹም ጉብኝት፣ የድልድይ ጥገናና የገብስ ምርት ነው። የጎተራው ወሬ የደረሰኝ ከሮቤ ፖሊስ ነበር። የአንድ ባለርስት ጎተራ በጠራራ ፀሐይ ተቃጥሎ ጠባቂው ውስጡ ሞቷል። በሩ ላይ ከውጭ ግንድ ተጋድሞበት ነበር። ሄጄ ግንዱን አየሁት። ግማሹ ከስሎ የቀረው እንኳ አንድ ሰው የሚያነሳው አልነበረም።

ስለዚህ ሁለት ሰው ተፈለገ።

የአገሩ ሰው ለአውጫጭኝ ተጠራ። ወንጀለኛው እስኪታወቅ ነዋሪው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ይውላል፤ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ገብሱ ማሳው ላይ እየረገፈ ሰዉ በጭጋግ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ። በመጨረሻ «ወፍ» የሚባለው፣ ማንነቱ የማይገለጥ ጠቋሚ፣ ሁለት ወንድማማቾችን ለሽማግሌዎቹ ጠቆመ። ወንድማማቾቹ የባለርስቱ ጭሰኞች ናቸው። ከመሬቱ ሊነቅላቸው ሲል በሰው ፊት ተጣልተውታል፤ ቤታቸውም ከጎተራው ሩቅ አይደለም። ሁለቱም ታስረው ጎባ መጡ።

ወንድማማቾቹ አንዲት ፈረስ ነበረቻቸው። ቅቤ ጭነውባት በየተራ ጊኒር ገበያ ይወርዱ ነበር። እናታቸው ከአልጋ የማትነሳ በሽተኛ ስለሆነች አንዱ ሲሄድ ሌላው ይቀራል። ጎተራው የተቃጠለው በጊኒር ገበያ ቀን ነው። ጊኒር ደግሞ በፈረስ ሄደው በዕለቱ የሚመለሱበት አገር አይደለም።

ቅቤያቸውን የሚገዙት ሽማግሌ ነጋዴ፣ ሐጂ፣ ለምስክርነት ከጊኒር ተጠሩ። በፍርድ ቤቱ ልማድ አንድ ምስክር የሚምለው በአንድ ሰው ስም ነው፤ መዝገቡም ለየተከሳሹ ለብቻ ይከፈታል። መጀመሪያ የታላቅየው መዝገብ ቀረበ።

«ሐጂ፣ በገበያው ቀን ታላቅየውን አይተውታል?» አለ ዳኛው።

«ፈረሷን አይቻታለሁ፣ ጌታዬ። ከሁለቱ በቀር የሚነዳት የለም።»

«ፈረስ አልተከሰሰችም። ሰውየውን ነው የምጠይቅዎ።»

ችሎቱ ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም።

«ለብርዱ ፊታቸውን እስከ ዓይናቸው ጠቅልለው ነው የሚመጡት። ቁመታቸው አንድ፣ ድምፃቸው አንድ። ከሁለቱ አንዱ ቅቤውን አስመዝኖኝ ሄዷል። ታላቁ ነው ብዬ ግን ወላሂ አልልም።»

ጸሐፊው «ምስክሩ ታላቅየውን ማየቱን አላረጋገጠም» ብሎ አነበበ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐጂ ስለ ታናሽየው ተጠየቁ።

«ባለፈው የነገርኩዎት ነው፣ ጌታዬ።»

«ያለፈው የታላቅየው መዝገብ ነው። ይህ ሌላ ነው።»

«ሰዎቹስ ሌላ ሆኑ እንዴ? እኔ የማውቀው ያንኑ ነው።»

ታናሽየውንም ማየታቸው አልተረጋገጠም ተባለ። ወንድማማቾቹ ራሳቸው በየተራ ሲጠየቁ ታላቁ «እኔ ከእናቴ ጋር ነበርኩ፤ ጊኒር የወረደው ወንድሜ ነው» አለ። ታናሹም ቃል በቃል ያንኑ መለሰ። እያንዳንዱ ሌላውን ለማዳን እንደተናገረ የተረዳው ሰው ችሎቱ ውስጥ ብዙ ነው። መዝገቡ የያዘው ግን ሌላ ነበር፤ ሁለቱም በገበያው ቀን ቤት እንደነበሩ በገዛ አፋቸው አመኑ።

በዚያን ጊዜ አብሮኝ ምሳ የሚበላ አንድ የሒሳብ መምህር ነበር። አዲስ አበባ ካለው ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ጨርሶ ነው ጎባ የተመደበው። የሰማሁትን ስነግረው እንጀራውን ትቶ በጉም ወደታፈነው የምግብ ቤቱ መስኮት ዞረ።

«እኛ የተማርነው አንድ ማሽን አለ፤ ብረት የለውም፣ በሐሳብ ብቻ የሚሠራ ነው» አለኝ። «ምልክት ያነባል፣ ያለበትን ሁኔታ ይለውጣል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ስላለፈው ነገር የሚያውቀው አሁን ያለበትን ሁኔታ ብቻ ነው።»

በጣቱ መስታወቱ ላይ ነጥቦች በመስመር ደረደረ።

«ይህ ቃል ነው። ፊደል በፊደል ይነበባል። ከግራ ተነስቶ የሚታወቀውን ሁሉ ከቀኝ ተነስቶ የሚያውቅ ሌላ ማሽን ይሠራለታል። አቅጣጫው ምንም አያጎድልም።»

ከሥሩ መንታ የሆነ ቅርንጫፍ ሣለ።

«ይህ ደግሞ ዛፍ ነው። ቃል ማለት ቅርንጫፍ ያላወጣ ዛፍ ነው፣ ስለዚህ ዘመዳሞች ናቸው። ለዛፍ ግን አቅጣጫው ለውጥ ያመጣል። ከላይ የሚወርደው ማሽን መገንጠያው ላይ ለሁለት ይከፈላል። ያላየውን መገመት ካልተፈቀደለት ግራው ስለ ቀኙ አያውቅም፣ ቀኙም ስለ ግራው አያውቅም። ግራው የራሱን መንገድ አይቶ ‹ይሆናል› ይላል። ቀኙም ‹ይሆናል› ይላል። ሁለቱ አንድ ላይ የማይሆኑ መሆናቸውን የሚያይ የለም። ከቅጠሉ ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣው ግን መጋጠሚያው ላይ ሁለቱንም ይዞ ይደርሳል።»

«ታዲያ ዳኛው ከላይ ነው የወረደው» አልኩት።

«ወርዶም ተከፈለ። ታላቁ ቤት ሊሆን ይችላል፤ እውነት ነው። ታናሹ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱም ቤት ሊሆኑ ግን አይችሉም፣ ምክንያቱም ፈረሷ ጊኒር ነበረች። ግንዱን ደግሞ ሁለት ሰው ካላነሳው አይነሳም። ክሱ የቆመው አብረው አደረጉት በሚል ነው።»

በማግስቱ መምህሩ ፍርድ ቤት ሄደ። በር ላይ ዘበኛው የመጣበትን ሰምቶ «መምህር፣ እዚህ ሰሌዳ የለም፤ ጠመኔዎን ወደ ተማሪ ቤት ይመልሱ» አለው። መምህሩ ቆሞ ጠበቀ። ዳኛው መጥፎ ሰው አልነበረም፤ አስገብቶ አዳመጠው። መምህሩ የለመነው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱ መዝገቦች ተጣምረው ሐጂ ስለ ሁለቱም በአንድ ቃል ይጠየቁ።

«ሕግ ‹ከሁለቱ አንዱ› የሚባል ሰው አያውቅም» አለው ዳኛው። «ስም ያውቃል።»

የሆነ ሆኖ ሐጂን እንደገና አስጠራቸው። ሽማግሌው በዝናብ ተጉዘው መጡ። ወንድማማቾቹ በካቴና ፊታቸው ቆመዋል።

«ሐጂ፣ የአንዱን ስም ይጥሩልኝ» አለ ዳኛው። «የጠሩትን ዛሬውኑ እለቀዋለሁ።»

ታላቁ ጠባቂውን ሳይፈራ በካቴናው ወደ ወንድሙ አመለከተ። «እሱ ነው፣ ሐጂ! እሱን ይጥሩ!»

«ይዋሻል! እሱ ነው የወረደው!» አለ ታናሹ።

ሐጂ ሁለቱንም ደጋግመው አዩአቸው።

«ጌታዬ፣ እኔ ሚዛን ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ያልመዘንኩትን መዝኛለሁ አልልም። አንዱ ፊቴ ቆሞ ነበር። የትኛው እንደሆነ አላህ ያውቃል። ስለ አንዱ እምላለሁ፤ በስም ግን አልምልም።»

ሁለቱም ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ሐጂ ከችሎት ሲወጡ ከታላቅየው ጋር በኦሮምኛ ጥቂት ተነጋገሩ። አጠገባቸው ነበርኩ። ሐጂ ይቅርታ ጠየቁ። ታላቁ «በሐሰት ከሚምሉ ይህ ይሻላል» አላቸው።

የሆነውን ሁሉ፣ የሐጂን ቃል ጨምሬ፣ ጽፌ ላክሁ። ጋዜጣው ላይ የወጣው ጎተራ ያቃጠሉ ሁለት ጭሰኞች መቀጣታቸው ብቻ ነበር። ባለርስቱ መሬቱን ለሌላ ሰው ሰጠ። እናትየዋን ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ዲንሾ ወዳሉት ዘመዶቿ አደረሷት።

መምህሩ ይግባኙን ራሱ ጻፈው። ስለ ማሽን አንድም ቃል አላነሳም። ሁለቱ መዝገቦች አንድ ላይ ይነበቡ፣ ተለያይተው ሲነበቡ የሚደበቅ ነገር አለ፣ ይላል በአጭሩ። ማመልከቻው አዲስ አበባ ገብቶ ቆየ። ክረምቱ ገባ። ጎባ ወህኒ ቤት ውስጥ ተስቦ ገብቶ እስረኛ እየተሸከሙ ያወጡ ጀመር። ታናሽየው ከሞቱት መካከል ነበር። ወንድሙ እንዲያጥበው አልተፈቀደለትም፤ በሽታው ይዛመታል ተብሎ በሌሎች እጅ ተቀበረ።

የይግባኙ ውሳኔ ሲደርስ ክረምቱ ወጥቷል። ከሁለቱ አንዱ ጊኒር እንደነበረ ምስክሩ ስላስረዳ፣ ሁለቱ አብረው ፈጸሙት የተባለው ክስ አይቆምም፤ ሁለቱም ይለቀቁ ይላል። መምህሩና እኔ ወህኒ ቤቱ በር ላይ ነበርን። ታላቁ ሲወጣ ከስቶ ፀሐዩን መቋቋም አቅቶት ነበር። ሰላምታችንን ተቀብሎ ወረቀቱን እንድናነብለት ጠየቀ። መምህሩ አነበበለት።

«ጊኒር የሄደው ማን እንደሆነ ይላል?» አለ።

«አይልም» አለው መምህሩ። «ከሁለታችሁ አንዳችሁ እዚያ ነበራችሁ፣ ይህ ይበቃል ነው የሚለው። ሁለታችሁም ተለቃችኋል።»

ሰውየው ወረቀቱን ተቀብሎ አጠፈው።

«እንግዲህ ለአንዱ ደረሰ» አለ።

ሰውየው የመቃብሩን አቅጣጫ ጠባቂውን ጠየቀው፤ ጠባቂው በእጁ አሳየው፤ ብቻውን ሄደ።