ሳይጠየቅ የተሰጠ ቁልፍ

ጧት ወፍጮ ቤታችን ደጃፍ ስደርስ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ቁልፉም በክር ታስሮ በቀይ ሰም ታሽጓል። ወረቀቱ የማዘጋጃ ቤት ነው። የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ለአምስት ዓመት ስላልተከፈለ ድርጅቱ ታሽጓል፣ ውዝፉ ከነቅጣቱ በዐሥር ቀን ውስጥ ገቢ ካልሆነ ሞተሩ በሐራጅ ይሸጣል ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስሙ የባሌ ነው፤ አልተሳሳቱም። ታዲያ በየወሩ ለቀበሌ ስንከፍል የኖርነው ምንድን ነው? አንድ ወር እንኳ አሳልፈን አናውቅም።

ከተራራው የወረዱት ሴቶች ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። በዋዜማው ሞተሩ ተበላሽቶ እስኪጠገን ስለመሸ እህላቸው ውስጥ አድሯል። እኔም እንደነሱ የአሪ ልጅ ነኝና በቋንቋችን ነው የምናወራው።

«በቆሎዬ ውስጥ ነው፤ ለምን ዘጋሽው?» አለችኝ አንዷ።

«እኔ አልዘጋሁም፤ መንግሥት ነው።»

«መንግሥት የእኔን በቆሎ ምን ያደርግለታል?»

እኔም የገባኝ ነገር አልነበረም። ወረቀቱን ገንጥዬ ልወረውረው እጄን አንስቼ ነበር፤ ማኅተሙን ሳይ ግን ፈራሁ።

ባሌን ስጠይቀው ነገሩን ተናገረ። ወፍጮ ቤቱን ያቆሙት አባቱ ናቸው፤ ከሰሜን መጥተው ጂንካ የቀሩ ሰው ነበሩ። ትርፍ ቤት በአዋጅ የተወረሰ ጊዜ እኔ የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ እናቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ያን ሰሞን የከተማው ባለ ትርፍ ቤቶች ቀበሌ ፊት ተሰልፈው፣ መፈክር እየተባለ፣ ቁልፋቸውን ያስረክባሉ። የእኛ ቤት ትርፍ አይደለም። የምንኖርበት አንድ፣ የምንሠራበት አንድ፤ ማንም አልጠየቀንም። ባሌ ግን ጎረቤቶቹ ሁሉ ተሰልፈው እሱ ብቻ እጁን ኪሱ ከትቶ መቆሙ አሳፈረው። ሄዶ የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ሰጠ! ሊቀመንበሩም ምን እንደሚያደርግበት ስላላወቀ ተቀበለው፤ አጨበጨቡለት፤ ማታውኑ ቁልፉን መልሶ ሰጥቶ በኪራይ አስፈረመው። እኔ ስመለስ እንደ ሌላው ሁሉ የእኛም የተወረሰ መስሎኝ ኖሯል።

«ለጭብጨባ ብለህ ነው?» አልኩት። «አይ አንተ! ሰው ሲሮጥ ካየህ ወዴት ነው ሳትል ትሮጣለህ።»

«አንቺ አልነበርሽም» አለ ቀስ ብሎ። እውነቱን ነው፤ አልነበርኩም። ያም ይበልጥ አናደደኝ።

ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ገንዘብ ያዡ ትልቁን መዝገብ ገልጦ በጣቱ አሳየን። «በእኛ በኩል ቤቱ የእናንተ ነው። የንግድ ቤት አንድ ይፈቀዳል። ማን ነው ኪራይ ክፈሉ ያላችሁ?»

ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ? ቤታችን በእጃችን ሆኖ ኖሯል፤ እኛ ደግሞ ለገዛ ቤታችን ኪራይ ስንከፍል ግብሩ በጀርባችን ሲከመር ኖሯል።

«የከፈልነው ኪራይ ለግብሩ ይታሰብልን እንጂ» አልኩ።

«እሱ የቀበሌ ሣጥን ነው እሜቴ። ወደኛ አይመጣም።»

የቀበሌው ሊቀመንበር ተጠርቶ መጣ። እሱ ደግሞ ቤቱ የሕዝብ ነው አለ። «በገዛ እጁ አስረከበ፤ ፊርማውም አለ። ለማዘጋጃ ቤት ያላሳወቅነው እሱ አሳውቋል ብለን ነው።» ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ከእኔ ባልተናነሰ ግራ የተጋባ ይመስል ነበር። ሁለቱም መዝገባቸውን ፊት ለፊት ዘርግተው ይተያያሉ። አንዱ ጋ ባለንብረት ነን፣ አንዱ ጋ ተከራይ። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ትናንት ማን እንደነበርኩ ጠፋኝ።

በመጨረሻ ገንዘብ ያዡ ነገሩን አሳጠረው። ቤቱ የእናንተ ከሆነ ውዝፉን ትከፍላላችሁ፤ ካልከፈላችሁ ሞተሩ ይሸጣል። የቀበሌ ከሆነ ግብር የለባችሁም፤ እሽጉ ዛሬ ይነሣል፣ ሞተሩም ይቀርላችኋል፤ ቤቱ ግን የቀበሌ ሆኖ ይቀራል። ውዝፉን ለመክፈል ያለንን ሁሉ ብንሸጥ ሢሶውም አይሞላም።

«ይወስኑ ጓድ። የማን ነው ብዬ ልጻፍ?» አለው ባሌን።

ባሌ ተነሣ። በጋብቻችን ዘመን ሁሉ ድምፁ ከፍ ብሎ ሰምቼ አላውቅም። «የእኔ ነው» አለ። «አባቴ እንጨቱን ከጫካ ተሸክሞ፣ ምሰሶውን በእጁ ጠርቦ ያቆመው ነው። ያን ቀን ተሳስቻለሁ። የእኔ ነው።»

ይህን ከአፉ መስማት እንዴት እመኝ ነበር! እልል ማለት ሲገባኝ ሞተሩ በሐራጅ ሲወጣ ታየኝ፤ ሦስቱ ልጆቼ ታዩኝ፤ ባዶ ቤት አቅፈን ስንቀመጥ ታየኝ። ሳላስበው ቃሉ ከአፌ ወጣ።

«ተሳስቷል፤ ቤቱ የቀበሌ ነው። እኛ ተከራይ ነን።»

ገንዘብ ያዡ ብዕሩን ይዞ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ። ባሌ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ተቀመጠና «እሷ እንዳለችው ይጻፍ» አለ። ፈረመ።

ከምሳ በፊት እሽጉ ተቆረጠ። ሴቶቹ እህላቸውን አስፈጭተው ወደ ተራራቸው ወጡ፤ እኛም ዱቄት ለብሰን እስኪመሽ ሠራን። ሞተሩ ስለሚጮኽ መነጋገር አላስፈለገንም። ልጆቼ በዚያ ሞተር በልተው አድገዋል፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ።

ባሌ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። ብቻ ሰው መጥቶ «ወፍጮ ቤትህ ዛሬ ይሠራል ወይ?» ሲለው፣ እኔ እየሰማሁ፣ በዚያ በለዘበ አንደበቱ፣ «የቀበሌ ነው እንጂ የእኔ አይደለም፤ ግን ይሠራል፣ ግባ» ይላል። እኔን ለመውጋት ይሁን ወይስ እውነት አምኖበት፣ ልጠይቀው አስቤ ስንቴ አፌን ከፍቻለሁ። አልቻልኩም።