በቡሃቃዬ የመጣችው ነጭ አምባዛ

አምባዛ ከልጅነቴ ጀምሮ ይቀፈኛል። ቅርፊት የለው፣ ጢሙ የተንዠረገገ፣ ሲነኩት ልጋጉን እጅ ላይ ትቶ የሚያመልጥ ፍጥረት። የቄስ ልጅ ነኝ፤ በእኛ ቤት ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም፣ እሱ የነካው ዕቃም ከማዕድ ዕቃ ጋር አይቀላቀልም። ክረምት ጎርፉ ሲሞላ አምባዛው ሩዝ ማሳ ድረስ ይገባል፤ እኔ ግን ዞሬም አላየው።

ባሌ ያዲሳባ ልጅ ነው። ወረታ የመጣው ለመምህርነት ነው፤ እኔም እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። የሰው ባል ከሥራ በኋላ ኳስ ያያል፣ የኔው ዓሣ ያያል። ሳሎናችን ውስጥ አኳሪየም የሚሉትን የዓሣ መስታወት ገትሮልኛል፤ ቀን ከሌት ሲንቦቀቦቅ ይውላል ያድራል። በቴሌግራም ከዓሣ ወዳዶች ጋር ሲጻጻፍ ያመሻል። ሮዝ አምባዛ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ዥጉርጉር አለ እያለ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ይደቅነዋል፤ እኔ እራቴን እየበላሁ።

ኅዳር ሲገባ፣ ውሃው ሲሸሽ፣ ቁሐር ሚካኤል ያለ አንድ ገበሬ ወዳጁ ደወለለት፤ ማሳው ውስጥ በቀረ ኩሬ ነጭ አምባዛ አይቷል። ከትምህርት ቤት ስመለስ መስታወቱ ውስጥ ገብታ ጠበቀችኝ። አበስኩ ገበርኩ። ምኑን ነጭ ሆነች፣ ቆዳዋን የገፈፏት ነው የምትመስለው። ከሆዷ ሥር የደም ሥሯ ይታያል፣ ዓይኗ ቀይ ነው።

"ቀለም የሚሰጣት ነገር ጎድሏት ነው። እንዲህ ያለችው በስንት አንዴ ነው የምትገኘው" አለኝ።

"ተመስገን በስንት አንዴ ሆነ" ብዬው ወደ ማድ ቤት ገባሁ።

በዚያ ወር የሚካኤል ማኅበር ተራው የኔ ነበር። ድፎውን ያቦካሁት እናቴ ስዳር በሰጠችኝ ቡሃቃ ነው። ከዋንዛ እንጨት የተፈለፈለ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የዝክር ዳቦ ብቻ አቡክታበታለች፤ ስትሰጠኝም ሌላ ነገር እንዳላስነካው አዝዛኛለች። አሁን ገጠር ታማ ተኝታለች። እህል ካፏ ከራቀ ሰንብቷል።

በዕለቱ አባቴ ሊባርኩልን ከገጠር መጡ። ማኅበርተኛው ሁሉ መስታወቱን ከቦ ያቺን ጉድ ያያል። እኔ ማድ ቤት ዳቦውን ከኮባው አላቅቃለሁ፤ ባሌ ሊያግዘኝ ገብቶ ጥግ የተደፋውን ቡሃቃ በእግሩ ጫፍ ነካ አደረገና "ጥሩ ዕቃ ነው፤ ጠብ ሳያደርግ ነው ያደረሳት" አለ።

"ማንን?"

"ዓሣዋን ነዋ። ባልዲው ተሰንጥቆ ነበር እኮ። በሳሙና አጥቤዋለሁ፤ ምን ሆንሽ?"

ምን ሆንሽ ይለኛል። እንጨት የጠጣውን ልጋግ ሳሙና ያወጣው ይመስል። እዚያ ሊጥ ውስጥ ክንዴ እስከ ክርኔ ገብቶ ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ እስኪላጥ ባጥበው በወደድኩ። ዳቦው መጣል ነበረበት፤ አውቃለሁ። ግን ሰው ተቀምጧል፤ ጣልኩት ብል ለምን ይሉኛል፣ የዚያ ለምን መልስ ደግሞ እናቴ አልጋ ድረስ ይሄዳል። አንስቼው ወጣሁ።

አባቴ ከመስታወቱ ዘወር አሉ። "ኧረ የፈጣሪ ሥራ ድንቅ ነው። ለመሆኑ ከቁሐር ድረስ በምን አመጣችኋት?"

ባሌ አፉን ከፈተ።

"በባልዲ" አልኩ።

አባቴ አመኑኝ። መስቀላቸውን አውጥተው፣ ጸሎቱን አድርሰው ቆረሱት። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለባለተራዋ ብለው እኔን አጎረሱኝ። ዳቦው ለስልሷል፣ ጥቁር አዝሙዱ ይሸታል፤ ሳላኝክ በጠላ ገፋሁት። ሌላው "እጅሽ ይባረክ" እያለ ደገመ። ዓሣዋ አስጠላችኝ፣ ባሌ አስጠላኝ፤ እንደራሴ ምላስ ያስጠላኝ ግን አልነበረም።

ሊሄዱ ሲነሡ አባቴ አንድ ሙዳይ የሚያክል ቁራሽ አነሡ። "ይቺን ለእናትሽ፤ ለበረከት" አሉ። ያን ጊዜም መናገር እችል ነበር። ንጹሕ ጨርቅ ፈልጌ ሰጠኋቸው።

አመሻሹ ላይ እናቴ ደወለች።

"ልጄ፣ ዛሬ እህል ቀመስኩ" አለች። እንዲህ የጠራ ድምፅ ከሷ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። "ጨረስኩት። ገና አባትሽ ጨርቁን ሲፈቱት የቡሃቃዬን ጠረን አወቅሁት። ሌላ ነገር ሳታስነኪ እንደያዝሽልኝ አወቅሁ።"

ባሌ መስታወቱ ፊት በርከክ ብሎ ያቺን ዓሣ ፎቶ ያነሣል።

"አዎ እማዬ" አልኳት።